የአውራ ጣት ፕሮግራም

ኅዳር 3

ዛሬም ሆስፒታል። ሎጋው ዛሬም ጣራውን ያያል። የእህቴ ባል ከመሆኑ በፊት የእኔ ጓደኛ ነበር፤ "ቀማኛ" እያልኩ ስሰድባት ኖሬያለሁ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ የሚነቃነቀው ግራ አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

ሐኪሟ እህቴን ጠራቻት። ጉሮሮው ላይ ቱቦ ገብቶ እዚሁ ይቆያል፤ አለዚያ ቤት ይሄዳል። ቤት ከሄደ ግን ብዙ አይቆይም። "እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወስኑ።"

እህቴ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች። "ቱቦው ይግባ?" ጣቱ ተነቃነቀ። "ቤት እንሂድ?" ተነቃነቀ።

"ጡንቻው ነው" አለች ሐኪሟ። "ላይሰማም ይችላል።"

ላይሰማ? ሎጋው?

ኅዳር 5

ያ የመጀመሪያ ኮምፒውተራችን ትዝ አለኝ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ፣ ፕሮግራሙን ከካሴት እየጮኸ የሚያነብ። እህቴ ቆሽሿል ብላ የቁልፍ ሰሌዳውን በሳሙና አጠበችው! ከዚያ በኋላ የሠራው ረጅሙ ቁልፍ ብቻ ነበር።

እኔ ላለቅስ ደረስኩ። ሎጋው ግን "አንድ ቁልፍ ምን አነሰው?" አለ። በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚያጽፍ ፕሮግራም ሰው ኮምፒውተር ላይ ሠርተን በካሴት አመጣነው፦ ፊደሎቹ ተደርድረው ምልክት ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ የፈለግከው መስመር ላይ ሲደርስ ትጫናለህ፤ ከዚያ ወደ ጎን። ፊደሎቹን በነጥብ በነጥብ የሣልነው ራሳችን ነን። የእኔን ጨ "ሸረሪት" ብሎ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ።

አንድ ቁልፍ። አንድ አውራ ጣት... ለምን እስከ ዛሬ አልታየኝም?

ላፕቶፑ ላይ እንደገና እየጻፍኩት ነው። የድሮውን ካሴት አግኝቼ ከውስጡ ያለውን እንዳለ ገለበጥኩ።

ኅዳር 7

ማውሱን አውራ ጣቱ ሥር አሰርኩለት። "ሎጋው፣ ቱቦ ወይስ ቤት? ጻፍ።"

ዠ። ጳ። ቊ። ሌላ ዠ።

ሐኪሟ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "አይዞዎት" አለች። ከዚያ አይዞዎት ስድብ ይሻል ነበር።

እህቴ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

"ይሄም ቀልድህ ነው?"

"እትዬ፣ እንዴት..."

"ተስፋ ሰጥተህ ትነሳኛለህ? ተወው። በቃ ተወው።"

ነገ ለቱቦው ልትፈርም ነው።

ኅዳር 8

ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ፕሮግራሙን ከፍቼ በራሴ ጣት የራሴን ስም ልጽፍ ሞከርኩ። አልቻልኩም! ምልክቱ ሽው ብሎ ያልፈኛል። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም አለፈኝ።

ፍጥነቱ! ከካሴቱ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ አውራ ጣት የተሠራ ነው። አይ የእኔ ነገር... ሽማግሌነቴን ሁሉም ሲያውቅ እኔ ብቻ ረሳሁት?

ፍጥነቱን ቀንሼ ሮጥኩ። እህቴ እስክሪብቶ ይዛ ነበር። "እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ስደቢኝ።"

ምልክቱ እያዘገመ ወረደ። ሀ... ለ... በ ላይ ሲደርስ ቀጭ። ወደ ጎን ሄደ። ቤ። እንደገና ከላይ ጀመረ...

ቤት።

እህቴ እስክሪብቶውን ጣለችው። "እንደገና ጠይቀው።" ጠየቅኩት። ቤት።

"ቤት ከሄድን እኮ... እያወቅክ ነው?"

አ። ከዚያ ው። ከዚያ ቃ... እጁን ያዘችው። "ይበቃል። ገብቶኛል፣ አትድከም።"

"ሁለት ፊደል እስክትጽፍ በጥበቃ ገደልከን" ልለው አስቤ ነበር። ተውኩት። እዚያ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። "ላይሰማም ይችላል" ሲባልም።

ኅዳር 9

ቤት ገባ። አልጋውን መስኮቱ አጠገብ አደረግንለት።

ኅዳር 14

ትንፋሹ አጥሯል። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ እህቴ ግን ፊቴን አይታ አወቀች። ማስመሰል ከድሮም አይሆንልኝም።

ያቺ ኮምፒውተር በሳሙና ያጠበች ሴት አሁን ማንንም አታስነካም። ማውሱን ራሷ ታስራለች፣ ራሷ ታነባለች። ከሰዓት በኋላ ስገባ በእጇ አባረረችኝ።

"ውጣ፣ ከባሌ ጋር እያወራሁ ነው።"

"ምን ይላል?"

"አንተን አይመለከትም።"

በሩ ጋ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀጭ ይላል። ዝም ይላል... ረጅም ዝምታ። ቀጭ። እሷ ቀስ ብላ ትስቃለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

ዛሬ ጠዋት ምልክቱ እንደገና እያመለጠው ስለነበር ፍጥነቱን ቀነስኩት። ነገም እቀንሰዋለሁ። ነገ ከጠበቀኝ።