በሠላሳ ያነሳሁት ሰልፍ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከሰልፉ አሁን ገባሁ። ደብተሬ፣ ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ጠዋት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የካሜራውን መዝጊያ በሠላሳ፣ በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ፣ አድርጌው ነበር። ፎቶ ቤቴ ጨለማ ነው፤ መዝጊያው ቆየት ብሎ ካልተዘጋ ብርሃን አይበቃም። ተነሺው ትንፋሹን ውጦ ስለሚቀመጥ ችግር የለም። ለሰልፍ ግን ቶሎ ወደሚዘጋው ወደ 250 መመለስ ነበረብኝ። ረሳሁት። በጫሞ ሐይቅ በኩል ደመና ስለነበረ ብርሃኑስ አልበዛም። እንቅስቃሴው ነው የሚገድለኝ፤ በሠላሳ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ፊልሙን አጠብኩ። የፈራሁት ደረሰ። «ይውደም!» ሲባል ግራ እጁን የወነጨፈ ሁሉ ጭጋግ ሆኗል። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊቱ ጠፍቶ ባርኔጣ ብቻ ነው። አሻጥር ይሉኛል።

ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

አጉሊ መነጽር አምጥቼ አየሁ። ምነው ባላየሁ! አንዷ ምስል ላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ሦስት ሰዎች ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ለምን? አልተንቀሳቀሱማ። እጃቸውን አላነሱም። ሁለቱን አላውቃቸውም። መሀል ያለው መ/ር ታደሰ ነው፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ጴንጤ ነው እየተባለ አንዴ ታስሮ ተፈቷል። ሁለተኛ ከገባ አይወጣም።

ሐሙስ፣ 5 ሰዓት

ሊቀመንበሩ መጣ። ነገ ጠዋት ፎቶውን ከነፊልሙ ይፈልጋል፤ ወደ አውራጃ ይላካል። ገና አላጠብኩትም አልኩ።  ከሄደ በኋላ ፎቶ ቤቱን ዘጋሁ።

ሲቀላ ሰፈር ሄጄ ለታደሰ ነገርኩት። ተቆጣሁትም፤ እጅ ማንሳት ምን አለበት? ሚስቱ ደርሳለች፣ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። «ጋሼ፣ እጄ እምቢ አለኝ እኮ» አለ።  አድነኝ እንኳ አላለኝም።

ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ያቺን ምስል ብቻ ከፊልሙ ቆርጬ ባወጣ ተራ ቁጥሯ ይጎድላል፣ ይነቃብኛል። ስለዚህ ሁሉንም ላበላሽ። ፊልም ሙቅ ውሃ አይችልም፤ ምስሉ ያለበት ቆዳ ተልጦ ይወርዳል። ነገ፣ በዚህ ሙቀት ውሃውን ሳላበርድ አጥቤ አበላሸሁት እላለሁ። የሃያ ዓመት ፎቶ አንሺ! ማን ያምነኛል? 

ባለቤቴ ውሃውን ጣደችልኝ። ከዚያ ብርድ ልብሴንና ቅያሪ ሸሚዜን ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።

«ውሃው ፈልቷል» እያለችኝ ነው።