ማርታን የጣላት ጥማድ

ሰኞ፣ ሰኔ

ማርታ ወደቀች። አራተኛ ክፍል ውስጥ ሂሳብ የገባውን ሰው ጥሪ ብባል እሷን ነበር የምጠራው። የወደቀችው በአንድ ጥያቄ ነው! ፈተናውን ያወጣነው ሦስት መምህራን ነን፤ ማን ማንን በለጠ ለማለት ሳይሆን ማባዛትን ጠንቅቆ ያወቀውን ለመለየት። ማለፊያውን የቆረጥነውም «ለማለፍ ያህል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይህን ይመልሳል?» እየተባባልን፣ ጥያቄ በጥያቄ ነው። ኮርቼበት ነበር።

ትምህርት ዘግይታ የጀመረች ኮረዳ ናት። አባቷ «ካወቀች ትማር፤ ካላወቀች ለትዳር ጠያቂ አላት» ብለውኛል። ዛሬ ዘመድ ልከው ከዲላ ወሰዷት።

ማክሰኞ

ምሳ አልበላሁም። የአራተኛ ክፍሎችን ወረቀት ባንድ በኩል፣ ገና ማባዛት ያልተማሩትን፣ ለሙከራ የፈተንናቸውን ሦስተኛ ክፍሎች በሌላ በኩል ዘረጋሁ። ደህና ጥያቄ የተማረውን ካልተማረው ይለያል። ዘጠነኛው ግን ጉድ ነው፦ «ገበሬው በሦስት ጥማድ በሬ ያርሳል። ስንት በሬ አለው?»

ሌላውን ሁሉ የሠሩት የአገሬው ልጆች፣ ማርታም ጭምር፣ «ሦስት» ብለዋል። ከሰሜን የመጡት የዳኛና የጸሐፊ ልጆች፣ ያልተማሩትም ሳይቀሩ፣ «ስድስት»። የለካነው ማባዛት ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆኑ ነው። እዚህ እንሰቱና ቡናው ሥር በእጅ ይቆፈራል እንጂ ማን በሬ ይጠምዳል? ሦስታችንም የሰሜን ሰዎች ነን፤ አንዳችንም አልታየን።

ረቡዕ

ጥያቄውን ያወጡት ከሦስታችን አንዱ፣ ዳይሬክተራችን አቶ ታደሰ ናቸው። ጎጃም አርሰው ነው ያደጉት። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጠው ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ወይዘሪት፣ በሬ የማያውቅ አለ እንዴ?» አሉኝ። ተከራከርኩ። ወረቀቶቹን እሳቸው ዘንድ ትቼ ወጣሁ።

ዐርብ

«እንቅልፍ ነሳሽኝ» አሉ አቶ ታደሰ። ዘጠነኛውን ሰረዙት፤ ማለፊያውም በአንድ ወረደ። ማርታ አለፈች። ስሟን ራሴ ለጠፍኩት። እንባዬ መጣ፣ ሞኝ ነኝ።

ቅዳሜ

በጭነት መኪና አባቷ ወዳሉበት ወደ ጨለለቅቱ ሄድኩ። አባቷ በክብር ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። ነገሩን ስጨርስ፣

«ሰኞ አታውቅም አላችሁ። ዛሬ ታውቃለች ትላላችሁ። እኔ በመካከሉ ለሰው ቃል ሰጠሁ» አሉ።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አልኳቸው።

«ቃሉ ግን የኔ ነው።»

ማርታ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «እትዬ፣ ጥማድ ምንድን ነው?» አለች። ባንድ ቀንበር የሚጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው አልኳት።

«እንግዲያ ስድስት ነዋ» አለች ወዲያው።

አዎ፣ ስድስት ነው። መስከረም ላይ ቦታዋን ለማንም አልሰጥም። ትምጣ አትምጣ ግን እንጃ።