አባባን የቀቧቸው ዘይት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጉልላት ዱባለ፤
ምጽዋ ወደብ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለፈው የጻፍክልኝ የጥርስ ሕመምስ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ችላ ብለኸዋል? እኛ እዚህ ኮልፌ ሁላችንም ደህና ነን፣ አምላክ ክብሩ ይስፋ። ይህን «ደህና ነን» ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምርበት ስለሆነ ብቻ የጻፍኩት እንዳይመስልህ። ዛሬ አባባም ተጨምረውበት ነው።

በጥር ወር የላክሁልህን ደብዳቤ ቅደደው። የአባባ ልብ አልቆለታል፣ ከቻልክ ቶሎ ድረስ ያልኩህን ማለቴ ነው። አንተም በመልስህ፣ «በሕይወት እያለሁ ደጄን አትረግጥም ብለው በመድኃኔ ዓለም ምለውብኛል፤ እንዴት ብዬ ልምጣ?» ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው። የአናጢነቱን ሥራ ጥለህ፣ ሳትሰናበታቸው ወደ ባሕር ከሄድክ ስድስት ዓመት ሙሉ ስምህ በዚህ ቤት አልተጠራም። ከዚያ ደብዳቤህ ወዲህ ዝም ያልኩህ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጠፍቶኝ ነው እንጂ ጨክኜ አይደለም።

አባባን ሕመሙ የጀመራቸው ከመስቀል በኋላ ነው። መላጊያውን ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርገው ቁጭ ይላሉ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ አለ፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር የሚያድሩት። በራጅ ሲያዩአቸው ልባቸው በጣም ተልቆ ታየ። ሐኪሙ የልብ ጡንቻ ሲደክም እንዲህ እንደሚሰፋ፣ ነገሩ እሱ ከሆነም ብዙ የሚደረግ እንደሌለ ነገረኝ። እኔም ጅሏ በሆዴ መያዝ ሲገባኝ ለእማዬ ነገርኳት፤ እማዬ ስታለቅስ አባባ ሰሙ።

አባባን ታውቃቸዋለህ፣ እንባ የሚባል አያባክኑም። በማግሥቱ መጋዝና መላጊያቸውን ለጎረቤታችን ለጀላል ሰጡት። ለቁም ሣጥን ካስቀመጡት ዝግባ ደህና ደህናውን ሳንቃ መርጠው፣ በራሳቸው ቁመት ለክተው ግድግዳው ሥር አቆሙት። ለሬሳ ሣጥናቸው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

የካቲት ላይ ያው ሐኪም አስጠራን። ከውጭ አገር አንድ የልብ ሐኪም ለሁለት ወር መጥቷል፣ ልብን በድምፅ የሚያይ አዲስ መሣሪያ ይዟል፣ ጡንቻው መድከም አለመድከሙን እርግጡን ይነግረናል አለ። ባለቤቴ ቱሉ አባባን እስከ ፌርማታው ደግፎ አድርሶን እኔና አባባ ወደ ሐኪም ቤት ሄድን። አባባ በድምፅ ማየት የሚባለውን ሲሰሙ በዚያ ትንፋሻቸው ሳቁ። ነርሷ ግን አልፊያ የምትባል የኛው የኮልፌ ልጅ ናት፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ልብ ላይ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ መሣሪያው በመስመር እንደሚጽፈው ስታስረዳቸው ቶሎ ገባቸው። እሳቸውስ ሳንቃ ከመግዛታቸው በፊት በጣታቸው አንኳኩተው ውስጡን ነቀዝ በልቶት እንደሆነ ያውቁ የለ?

ሁሉም ደህና ነበር፣ ዘይቱ እስኪመጣ ድረስ። የመሣሪያው ጫፍ ከገላ ጋር እንዲገጥም ደረትን በዘይት መቀባት ያስፈልጋል፤ ይህን ግን ማናችንም አላወቅንም። ሐኪሙ ነጭ ለብሷል፣ ጢሙ ረጅም ነው፣ መስመሩ በደንብ እንዲታይም መጋረጃው ተዘግቷል። ጣቱን ዘይት ውስጥ ነክሮ ደረታቸውን ሲቀባ፣ አባባ ቀንዲል የሚደረግላቸው መሰላቸው። ሊሞት ላለ በሽተኛ ቄስ የሚቀባው ቅባት መጣልኝ ብለው፣ ማተባቸውን በእጃቸው ጨብጠው መናዘዝ ጀመሩ።

«እግዚአብሔር ይፍታኝ። በልጄ በጉልላት ላይ የማልኩትን ፍቱልኝ። ልጁ አልበደለኝም፤ የኔን እጅ ሥራ የናቀው መስሎኝ ቆጭቶኝ ነው። ደጄ ለሱ ክፍት ነው፣ እኔ ባልኖርም ይግባ።»

ሰምተሃል? ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቅሳለሁ። ሐኪሙ እሳቸው ሲናገሩ መስመሩ እየተረበሸ ቢያስቸግረው ምን እንደሚሉ አልፊያን ጠየቃት። እሱ ፈረንጅ፣ እሷ ሙስሊም፤ ኑዛዜውን ማን ይቀበል? እሷ ግን እጃቸውን ይዛ፣ አባቴ ሰምተናል፣ አሁን ትንሽ ዝም ይበሉልን አለቻቸው። አባባም ንስሐ የተሰጣቸው መስሏቸው ጸጥ አሉ።

የመሣሪያው መስተዋት ከመዳፍ አይበልጥም፤ አረንጓዴ መስመሮች ይሮጡበታል። ሐኪሙ ጠርቶ አሳየኝ። ከፍ ዝቅ የሚለው መስመር የልባቸው ጡንቻ ነው፣ የጎልማሳ ልብ ያህል ይሠራል አለ። ከሱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚሄደው የልብ ሽፋን ነው። በሁለቱ መካከል ምንም ያልተጻፈበት ጨለማ ቦታ አለ፤ እሱ ውኃ ነው። ራጁ ልባቸውን ተልቆ ያሳየን ውኃውን ከልቡ መለየት ስለማይችል ነው። ልባቸው አልደከመም፤ ውኃ ከብቦ አፍኖት ነው። አልፊያ ይህን ስትተረጉምልኝ፣ አላመንኳትምና ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት።

በዚያው ቀን ውኃውን በመርፌ ቀዱት፤ ጠጅ የመሰለ ነው፣ ከአንድ ጠርሙስ ይበልጣል። አባባ ከስንት ጊዜ በኋላ ጋደም ብለው ተኙ፣ ያውም እያንኮራፉ። ያመጣው ቲቢ የሚባለው በሽታ መሆኑ ተረጋግጦ በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ፣ ኪኒኑን ደግሞ ከዓመት በላይ ይውጣሉ። ባለፈው ሳምንት በዚያው መሣሪያ ደግመው አዩአቸው፤ ጨለማው ቦታ ጠቦ ክር አክሏል። በዚህኛው ዘይት ጊዜ ግን አባባ አልተናዘዙም፣ አልፊያን በዓይናቸው ብቻ አዩአት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባባ እየዳኑ ሲመጡ እልሃቸውም አብሮ ዳነ። ስላንተ ያሉትን ባነሳባቸው፣ ያ የሐኪም ዘይት ነበር፣ ለሐኪም የተነገረ ኑዛዜ አይጸናም፣ መሐላዬ እንዳለ ነው አሉኝ። እኔም ነገር አላበዛሁም። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሄጄ የነፍስ አባታቸውን መምሬ ወንድይፍራውን ይዣቸው መጣሁ። መምሬ ታሪኩን ሲሰሙ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ቅባቱ የሐኪም ቢሆንም ቃሉ ያንተ ነው። ስትሞት የታረቅከውን ልጅ ስትድን ልትጣላው ነው?» አሏቸው። መሐላውንም ፈቱላቸው። ስግደት እንዳያዟቸው ሕመምተኛ ስለሆኑ፣ ንስሐው በገዛ አፋቸው አንተን መጥራት ይሁን አሉ። ከመቶ ስግደት ይህ አባባን እንደከበዳቸው ፊታቸው ላይ አየሁት።

ትናንት መላጊያቸውን ከጀላል አስመለሱ፤ ጀላልም ስሎ አስቀምጦላቸው ነበር። ለጊዜው እሳቸው ይለካሉ፣ ቱሉ ይገፋል። እማዬ ያ ዝግባ ከቤቴ ይውጣልኝ ብትል፣ ዝግባ አይጣልም ብለው አገላብጠው ሲያዩት ዋሉ።

እማዬ ዓይንህን ሳላይ አልሞትም ትልሃለች። ቱሉ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ልጄ እሙ አጎቷን በፎቶግራፍ ብቻ ስለምታውቀው፣ አጎቴ እግር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች፤ የላክልን ፎቶግራፍ እስከ ደረትህ ብቻ ነው። ጀላል ሰላም ብሏል። አልፊያም ያ የታረቁት ልጅ መጣ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

የቀረው የአባባ ሰላምታ ነው። አንድ ነገር ልንገርህና ይቅር በለኝ። እስከ ዛሬ በየደብዳቤው መጨረሻ «አባባ ሰላም ብለውሃል» እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ከራሴ ነበር። አንድም ቀን አላሉም። የዛሬው ግን የራሳቸው ነው። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አሉኝ፦

«ዝግባው ለአልጋ ይበቃል። በኔ ቁመት የለካሁት ነው፤ አንተ ግን ከሄድክ ወዲህ አድገህ እንደሆነ አላውቅም። ቁመትህን ለክተህ ላክልኝ። አልጋው ለፋሲካ ይደርሳል፣ አንተም ድረስ።»

እህትህ ሰርኬ ዱባለ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 14 ቀን 1965 ዓ.ም.