የባሌ ፊልሞችና የእርስዎ ባትሪ

ለሰፈራችን ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣ ለዓመታዊው የፊልም ሽልማት ግምት ውድድር ሰብሳቢ፣ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ብቸኛው የብርሃን ባለቤት፣ ሰፈርተኛው በፍቅር «አቶ ጸጥታ» እያለ ለሚጠራዎ ለእርስዎ፤

ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ሥርዓት ጠፍቶብኝ ሳይሆን፣ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ከመጀመሪያው መስመር አልፈው እንደማያነቡ ገምቼ ነው። ግምቴ ደግሞ፣ ከዚህ በታች እንደማስረዳው፣ ዘንድሮ እምብዛም አልሳተም።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? በየረድፉ እየጎነበሱ ሰው ፊት ላይ ባትሪ የሚያበሩበት ወገብዎ ደኅና ከርሟል? «እሽሽ» ሲሉ የሚደርቀው ጉሮሮዎስ? ዕድሜዎን ሳየው ልጄ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ አልሆኑም። እኛ በእርስዎ ደግነት ቤታችን ቁጭ ብለናል።

ካላወቁኝ ላስተዋውቅዎ። ከጅራቶቹ አንዷ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ መነጽር በሚቀይሩበት ዕድሜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ወፍራም ነው፤ እንዲህ መሆኑ የእርስዎን ዓይን እንዳያደክም ይረዳል፤ ዓይን የደከመው ሰው በእርስዎ ዘንድ ምን እንደሚጠብቀው አይቻለሁና።

ይህን ደብዳቤ በሲኒማ ቤትዎ መግቢያ ግድግዳ ላይ ስለምለጥፈው፣ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ውድድርዎን ባጭሩ ልግለጽ። በየዓመቱ የትልቁ የፊልም ሽልማት ሲቃረብ የታጩትን ፊልሞች ተራ በተራ ያሳዩናል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ወረቀት ይሞላል። በወረቀቱ ላይኛው ክፍል ማን ምን እንደሚሸለም ይገመታል፤ በታችኛው ክፍል ቤተሰቡ በዕድሜው ካያቸው ፊልሞች የወደዳቸው በደረጃ ይቀመጣሉ። ግምቱ የሠመረለት ቤተሰብ የፈለገውን ሁለት ወንበር ይመርጣል፤ እስከሚቀጥለው ሽልማት ድረስም ሌላ ሰው አይቀመጥባቸውም። ወንበሮቹን ሁልጊዜ የሚወስዱት ፀጉር አስተካካዩና ሚስቱ ናቸው። ሁልጊዜ መጨረሻ የምንሆነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ጅራቶቹ የተባልነውም በዚህ ነው። ባለቤቴ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲገባ እንኳ ሰውየው «ከኋላ ጅራቱን ልተውልህ?» ይለዋል።

ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ እኔ የሆቴል ልብስ አጣቢ። ፊልም የምንመዝነውም እንደየሙያችን ነው። እሱ የግድግዳው ሰዓት ከምሳ እስከ ራት ንቅንቅ ያላለበትን ፊልም ይጥላል፤ እኔ ጀግናው ከጭቃ ወጥቶ በነጭ ሸሚዝ ፍቅረኛውን ያቀፈበትን እጥላለሁ። ከሁለታችን ወንፊት የሚያልፍ ጥቂት ነው። ሳንጨቃጨቅ አንደኛ የምናደርገው ግን አንድ ፊልም ነበረን፤ እሱም የባቡር ጣቢያው ፊልም ነው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ አለች፤ ባሏ ዝምተኛ ነው፤ መጨረሻ ላይ እሷ ባቡሩ መስኮት ላይ፣ እሱ ከታች ቆመው ታናግረዋለች፤ ባቡሩም ይዟት ይሄዳል። ያኔ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ማንበብ ስለማልችል ባለቤቴ በጆሮዬ ያነብልኝ ነበር። «እናቴን ጠይቄ እመለሳለሁ፤ በሩን አትቆልፈው» ትለዋለች አለኝ። ይህን በሰማሁ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ በየዓመቱም አንደኛ ብለህ ጻፍ እለዋለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የእሱ ዓይን ደከመ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ብሎን ሲያይ የኖረ ዓይን ነው፤ አይፈረድበትም። አሁን ስክሪኑ ላይ ሰው መቆሙን ያያል፣ ማን መሆኑን አይለይም፤ ጽሑፉማ ጨርሶ የለም። ማን ያንብብ? ስለዚህ ደብተር ገዛሁና ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ሀ ሁ አልኩ። እንግዲህ አቤቱታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፤ አሮጌ ፊልሞችን ለነባር ደንበኞች በድጋሚ ስላሳዩ ከልብ አመሰግናለሁ። የባቡር ጣቢያውን ፊልም በገዛ ዓይኔ አንብቤ ያየሁት በእርስዎ ቸርነት ነው። ሴትዮዋ በመስኮቱ ብቅ አለች፤ ጽሑፉ መጣ፤ ቀስ ብዬ ለቀምኩት። «አልመለስም። በሩን ቆልፈው» ይላል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ለመድገም ስሞክር ባቡሩ ሄደ።

ቤት ስንገባ ጠየቅኩት። ለካስ ባለቤቴ የሚያነብልኝ የተጻፈውን ሳይሆን የመሰለውን ኖሯል። ሚስቱን ትቶ የሚወሰልተው ሰውዬ ለእኔ ሥራ በዝቶበት የሚያመሽ ምስኪን ነበር። ወንድሙን የካደው ወንድም በእኔ ፊልም ይቅርታ ጠይቋል። አሁን ለምን ጅራት እንደሆንን ገባኝ፤ የምገምተው እኔ ነበርኩ፣ ዳኞቹ ደግሞ ያላዩትን ፊልም ሊሸልሙ አይችሉም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ የሳቀው እኔ ብቻ ባየኋቸው ፊልሞች ነው።

ሌላውስ ይሁን፣ የባቡር ጣቢያውን ለምን ብዬ አፋጠጥኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «አንቺ፣ ፊልሙን መጀመሪያ ባየን ሰሞን ሻንጣሽ ከአልጋው ሥር ተሰናድቶ ነበር። መንገዱን እኔው ላሳይሽ?» አለኝ። ሻንጣውን እኔም አልረሳሁትም፤ ያየው ሰው አለ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ተሳደብኩ።

ሁለተኛ፤ የዘንድሮው ውድድር። የተበደለ ሰው ወዲያው ይቅር አይልም፤ እኔም አላልኩም። ከታጩት አንዱ የጦርነት ፊልም ነበር። ወታደሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ይወድቃሉ። ለባለቤቴ ግን እነዚህ ሰዎች የተበላሸ የውኃ መስመር የሚፈልጉ ቧንቧ ሠራተኞች ናቸው ብዬ አነበብኩለት። ፍንዳታ በመጣ ቁጥር «ፈነዳባቸው» እለዋለሁ። እሱ ጆሮውን አቅንቶ ቆየና፣ «ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ቧንቧ ያልቃል እንዴ?» አለ። የከተማው ዋና መስመር ነው አልኩት። እንዲህ ዓይነት ትጋት አይቼ አላውቅም አለና፣ ለቲኬት ቆራጯ ነግሮ የዓመቱ ምርጥ አስቂኝ ፊልም ብሎ በወረቀቱ አስጻፈ።

እኔ ግን የራሴን ወረቀት ለብቻዬ ሞላሁ፤ በእጄ የሞላሁት የመጀመሪያው ነው። ይዤ ስመጣ እርስዎ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? እንዳይደክሙ ላስታውስዎ። «እማማ፣ የአንድ ቤት ሐሳብ አንድ ነው፤ የአባወራውን ተቀብለናል» ብለው፣ ሳያዩት መለሱልኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ የትዳር ዕውቀት ከየት እንዳገኙት ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የአንድ ቤት ሐሳብ አንድ ቢሆን ኖሮ ሳጥበው የኖርኩት የሆቴሉ አንሶላ ግማሹ በንዴቴ ባልተቀደደ።

ሽልማቱ ሲታወቅ የተመለሰልኝን ወረቀት ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ አመሳከርኩ። ከምርጥ ሙዚቃ በቀር ሁሉንም አግኝቼዋለሁ፤ ሙዚቃ ከሥሩ የሚነበብ ነገር የለውም። ፀጉር አስተካካዩ ከእኔ ባነሰ ግምት ወንበሮቹን ወሰደ። እኛ በባለቤቴ ወረቀት እንደ ልማዳችን ጅራት ሆንን። ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኞቹ ፊልም በጦርነት ፊልምነት መሸለሙን ከሬዲዮ ሲሰማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ተካካስን፤ ከእንግዲህ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለ። እሺ አልኩት። አስታራቂ ሽማግሌ ሳያስፈልገን ታረቅን ማለት ነው፤ ይህን ለእርስዎ የምነግርዎ ከዚህ በኋላ ያፈረሱት ምን እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ለክብር እንግዶች ብለው ከልለውታል፤ እስካሁን የክብር እንግዳ ሲቀመጥበት ያየ የለም። እኔ ባሸንፍ ኖሮ የምመርጠው እዚያ ጥግ ያሉትን ሁለት ወንበሮች ነበር። ከኋላችን ግድግዳ፣ ከጎናችን መውጫው ስለሆነ ባነብለት የሚረበሽ የለም። ስለተከለከልን ግን መሃል ተቀመጥን፤ «መንሾካሾክ ክልክል ነው» የሚለው አዲሱ ማስታወቂያዎም ከፊታችን ተሰቅሎ ነበር። ያን ማስታወቂያ ማንበብ በመቻሌም እጅግ ኮርቻለሁ።

አራተኛ፤ ይህንን መጻፍ ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

የተጻፈውን ብቻ እያነበብኩ የተመለከትነው የመጀመሪያ ፊልም የድልድይ ጠባቂው ነው። ጠባቂው ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሰው ይጠብቃል፤ ማንን እንደሚጠብቅ ግን አይነግረንም። በተቻለኝ መጠን ዝቅ ብዬ እያነበብኩ ነው። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት እንኳ ዞራ አላየችንም። ከዚያ በጭጋጉ ውስጥ ድልድዩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ባለቤቴ እጄን ያዘና «ማነው የመጣው?» አለኝ።

የመጣው የእርስዎ ባትሪ ነበር። ብርሃኑን ባለቤቴ ፊት ላይ አደረጉት፤ እሱ ከየት እንደመጣበት ስላላወቀ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ሰጠ። እርስዎም፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ማየት የማይችል ሰው ሲኒማ ቤት ምን ይሠራል?» አሉት።

ባለቤቴ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ተነሣ፤ የሰው ጉልበት እየዳበሰ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ጥያቄዎ ግን መልስ ሳያገኝ መቅረት ስለሌለበት በእሱ ፈንታ ልመልስ። ማየት የማይችል ሰው ሲኒማ ቤት ከሚስቱ ጋር ይቀመጣል። እሷ ማንበብ በማትችልበት ዘመን እሱ አነበበላት፤ ቀጠፈም፣ አሳመረም፣ ብቻ አንድም ቀን ጆሮዋን ባዶ አላደረገውም። ማየት የሚችሉ ሰዎች ደግሞ ሲኒማ ቤት ምን እንደሚሠሩ ከእርስዎ ተረድቻለሁ፤ ባትሪ ይዘው ይዞራሉ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሲኒማ አልሄደም። እንሂድ ስለው ሬዲዮው ይበቃኛል ይላል፤ ሬዲዮውን ግን አይከፍተውም። ወንበሩ ላይ ሆኖ ለድልድይ ጠባቂው መጨረሻ ይሠራለታል። አንድ ቀን የመጣው የጠፋ ልጁ ነው፤ ሌላ ቀን የድሮ ጠላቱ፤ ትናንት ደግሞ መንገድ የጠፋው አህያ አደረገው። አንዱም አልጣመውም። የሰው ፊልም እያሳመረ የኖረ ሰው ለራሱ አንድ መጨረሻ አቅቶት ሲቀመጥ ማየት ምን እንደሚመስል፣ ባትሪዎን ይዘው ቢመጡ ባሳየሁዎት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ያሉት ሁለት ወንበሮች። ሽልማት አልጠየቅኩም፤ ወረቀቴን አይተው እንዲደነቁም አልፈልግም። አሁን ከወንበሮቹ ይልቅ ባለቤቴን ከቤት ማስወጣት ነው ያቃተኝ፤ እርስዎ መጥተው በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት ቢመልሱት ይወጣ ይሆናል። ይቅርታ የሚለው ቃል የሚከብድዎ ከሆነ ጽፌ ልሰጥዎ እችላለሁ፤ እኔም በመጀመሪያው ወር ከብዶኝ ነበር።

እስከዚያው ድረስ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ባትሪዎ አይለቅ፣ ጸጥታዎ ይብዛልዎ። ስለ ትዳር ለሰጡኝ ትምህርት፣ ስለ ዓይን ላሳዩት ርኅራኄ፣ እንዲሁም ሰው በሌለበት ረድፍ ለክብር እንግዶች ላደረጉት መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና ለመግለጽ የማውቃቸው ፊደላት ስለማይበቁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከጅራቶቹ፣ ሴቲቱ

በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የድልድይ ጠባቂው ፊልም የፊታችን ቅዳሜ እንደሚደገም በርዎ ላይ አንብቤያለሁ። ለባለቤቴ ሰዓቱ የቆመበት ፊልም ነው፣ እንፈርድበታለን ብዬ አታልዬም ቢሆን ይዤው እመጣለሁ፤ ያለቦታው የቆመ ሰዓት ሲባል እምቢ አይልም። ይቅርታውን ይዘው ካልጠበቁን፣ የመጨረሻውም ረድፍ ከተከለከልን፣ ከፊት እንቀመጣለን። የማነበው የተጻፈውን ነው፤ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ብቻ የባዕድ ስም ምላሴን ስለሚያስቸግረኝ፣ በየፊልሙ ውስጥ ያለውን ሌባ፣ ወስላታና ወንዝ የሚገባ ሰው ሁሉ በእርስዎ ስም እጠራዋለሁ። በሚገባ እንደሚሰማዎ አይጠራጠሩ፤ ከእንግዲህ አልንሾካሾክም።