በረንዳው መሀል የገተርከው ግንብ

ግርማ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ብዙ ዋጥኩት፤ ዛሬ ግን አልችልም። ተናድጄብሃለሁ።

ካዛንቺስን ብታያት አታውቃትም። ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ ግማሹ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ የትም ተበትኗል። የአባትህ ቤት ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ እኛ ቀረን። እኛ ስልህ፣ እኔና ልጅህ ናሆም በቀኙ በኩል፣ እህትህ ፅጌ በግራው በኩል። መሀላችን ያ በረንዳው ላይ ያቆምከው የብሎኬት ግንብ አለ።

መቼም አትረሳውም። በአንድ የውሃ ሮቶ! የት ይቀመጥ በሚል ከእህትህ ጋር ተጣላህና ቅዳሜ ጠዋት ሲሚንቶ አስመጥተህ፣ እጅጌህን ሰብስበህ ራስህ ገነባኸው። እኔም ሞኟ ውሃ እያቀበልኩህ ደግ አደረግህ አልኩህ። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ያንተን ኩርፊያ ተሸክሜ ኖርኩ። አንተ ስትሞት እንኳ ፅጌ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ሩቅ ሰው ጥግ ይዛ ስታለቅስ፣ ነይ ወደዚህ አላልኳትም።

ከግንቡ በፊት ዝናብ ሲመጣ አንተ፣ እኔና ፅጌ ሦስታችን በረንዳው ላይ ተደርድረን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ አላፊ አግዳሚው ሲሮጥ እያየን እንስቅ ነበር። ያንተ ሳቅ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። እሱ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽህም።

አሁን ደግሞ ልጅህ ተነሳ። በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ካፌ ሊያደርገው! ያን የመሰለ የተጠረበ እንጨት ነቅሎ አልሙኒየም ሊያለብሰው! ማሚ፣ ዘመን ተቀይሯል ይለኛል። እንቢ አልኩት። እሱ ግን ደብቆኝ ማመልከቻ አስገባና ባለፈው ማክሰኞ ፕላኑን የሚገመግሙ የቅርስ ባለሙያዎች መጡ።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኃላፊዋ ወጣት ልጅ ናት፤ የናሆምን የመስታወት ፕላን ገና ስታየው ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ ዞር ስትል ግንቡን አየችው። ይህን ማን ፈቅዶ ሠራው አለች፤ ያለ ፈቃድ የሠራው ሰው ስሙ ሪፖርት ውስጥ ይገባል አለች። ደሜ ፈላ። ያንተ ስም ጥፋተኛ ተብሎ ሊጻፍ? ከአማቴ ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነው አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ብሎኬቱን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ሳቀች። እማማ፣ ይሄ ብሎኬት በዕድሜ ከእኔ ያንሳል ብላኝ ፅጌን ልትጠይቅ ዞራ ሄደች።

አለቀልን አልኩ። እህትህ ይህችን ቀን ስትጠብቅ የኖረች መሰለኝ። አንድ ክፉ ቃል ብትናገርህ አሥር ልመልስላት ምላሴን ስዬ ተከተልኳት። በዚያ ሁሉ ዓመት ደጇን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፅጌ ነጠላዋን አስተካከለች። ግንቡን ያሠራሁት እኔ ነኝ አለች። ወንድሜ ተይ ብሎኝ ነበር፤ እሱን እንዳትጽፉት፣ እኔን ጻፉ አለች።

እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ፣ ወጥቼ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

መስታወቱ ተከልክሏል። ግንቡ በአንድ ወር ውስጥ ይፍረስ ተብሏል። ወረቀቱ ላይ ጥፋተኛ ተብላ የሰፈረችው ፅጌ ናት። ናሆም አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ፣ ካንተ የወረሰው ነው።

አልረሳህም፣ አትስጋ። በየተዝካርህ ስምህን አስጠራለሁ፤ ሳቅህንም፣ ክፋትህንም እኩል አስታውሳለሁ። ነገ ጠዋት ግን ቢሮአቸው ሄጄ የፅጌን ስም አሰርዤ ያንተን አስጽፋለሁ። ቅር ካለህ ስመጣ ትነግረኛለህ።

ሚስትህ አልማዝ