የሄኖክ መኪና ከሸራው ሥር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት 1፡10

የሞተር ዘይት፦ ከሁለቱ ምልክቶች መሃል። ደህና። የራዲያተር ውሃ፦ ጎድሏል፣ ግማሽ ሊትር ጨመርኩ። የፍሬን ዘይት፦ ከታችኛው መስመር ትንሽ ከፍ ይላል። የኋላ ቀኝ ጎማ፦ ተኝቷል። ባትሪ፦ ሞቷል።

አይ። ይህን ቃል ለባትሪ አልጽፍም። ባዶ ነው።

ሸራውን እንደነበረ መልሼ አሰርኩ። ቋጠሮው የአባዬ ነው፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይገባል። አስመስዬዋለሁ። አባዬን የውሃ ፋብሪካው ሰርቪስ 12፡30 ላይ ይወስደዋል። እኔ ት/ቤት የምገባው 2 ሰዓት ነው። በመሃል ያለችው ጊዜ የእኔ ናት።

ደብተሬ፣ አንተ የሄኖክ ነበርክ። የፊት ገጾችህ ላይ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪ.ሜ. በወንድሜ ጽሑፍ ተሰልፏል። እኔ ከኋላ ጀመርኩ። ፊቱን መግለጥ አልቻልኩም።

ሄኖክ ካረፈ ዛሬ 16ኛ ቀኑ። አስም። አባዬ ከቀብር እንደተመለስን መኪናዋን ሸራ አለበሳት፣ አርባው ሳይወጣ ማንም እንዳይነካት አለ። ማንም ለምን አላለውም። ግን የሄኖክ ሚስት ትዕግስት ስምንተኛ ወሯ ውስጥ ናት። ጤና ጣቢያው ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ብሏል። እዚህ ሱሉልታ አትወልድም፣ ምጥ ሲጀምራት ወይም ራስ ምታቱ ሲጠናባት ወዲያው አዲስ አበባ ሆስፒታል አውርዷት አሉ። ባጃጅ ተራራውን አይሻገርም። ቀኗ ኅዳር 15 ነው፣ አርባው ኅዳር 3 ይወጣል። አባዬ ጊዜ አለ ይላል።

እኔ ጊዜ እንዴት እንደሚያልቅ አይቻለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 1፡30

ተያዝኩ። ኮፈኑን ስዘጋ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ፦ «ሌባ አይደለህም። ሌባ ኮፈን እንዲህ ቀስ ብሎ አይዘጋም።» ኦቦ ገመቹ ናቸው። ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ሰውን በጥላው ነው የሚለዩት። ደነገጥኩ። ለአባዬ ይነግሩታል ብዬ።

አልተናገሩም። በዱላቸው እየዳበሱ ገቡ። አካም ቡልቴ ጉርባ፣ እንዴት አደርክ ልጄ አሉኝና ኮፈኑን አስከፍተው የዘይት መለኪያውን ከእጄ ወሰዱ። ጫፉን በሁለት ጣት አሹት፣ አሸተቱት። ገና ይሠራል አሉ። ማየት እንደማይችሉ ረስቼ፣ ቀለሙ ጠቁሯል እኮ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ቀለሙን ለልጃገረድ ተወው፣ ዘይት በጣት ነው የሚታወቀው አሉ።

ለምን እንደምነካካት ጠየቁኝ። ለትዕግስት ብዬ ነው አልኩ። እውነት ነው። ግማሹ።

የፍሬን ዘይቱ ከታችኛው መስመር ላይ ደርሷል። ከሄኖክ ሳጥን ውስጥ ትርፍ አግኝቼ ሞላሁ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ቀላል ነገር ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 1፡40

ትናንት ከት/ቤት መልስ ባትሪውን ፈትቼ በባጃጅ አስወስጄ ቻርጅ አስደረግኩ። ጎማውንም አስነፋሁ። ዛሬ ገጠምኩ። ቁልፉን ሳዞር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ተነሳች።

ደስ ሊለኝ ሲል የቤቱ በር ተበርግዶ ትዕግስት ወጣች። በባዶ እግሯ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ። እየሮጠች። ፊቷ... እንዴት ልጻፈው። ሄኖክ የመጣ መስሏት ነው። ሁለት ሰከንድ ያህል መሰላት። ከዚያ መሪው ላይ እኔን አየች።

ላጠፋው እጄን ሰደድኩ። «አታጥፋው» አለችኝ። ዞራ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ እንዲሁ ተቀመጥን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሸራው ግማሽ መስታወቱን እንደሸፈነ። ሕፃኑ ድምፁን ሲሰማ ይራገጣል አለች። ሾፌር ሊሆን ነው መሰለኝ፣ እንደ አባቱ ጥሩምባ የሚወድ ከሆነ ግን አልወልደውም አለች። ሳቅን። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ለአባዬ አልነግርም አለችኝ።

ለምን እንዲህ እንደምንቀጠቀጥ ጠየቀችኝ። ብርድ ነው አልኩ። የሱሉልታ ጠዋት ለውሸት ይመቻል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ከሰዓት 10፡00

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ።

መስከረም 23 ከሰዓት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ኳስ በሬዲዮ እሰማ ነበር። ቁልፉን ሄኖክ ራሱ ነው የሰጠኝ። የውስጥ መብራቱንም አብርቼ ነበር፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዤ። እማዬ እራት ስትለኝ በሩን ዘግቼ ገባሁ። ሬዲዮውን ዝቅ አደረግኩት እንጂ አላጠፋሁትም። መብራቱንም አላጠፋሁም።

በማግስቱ ማለዳ ሄኖክ መተንፈስ አቃተው። የሚነፋው መድኃኒት አልረዳውም። አባዬ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባውና ቁልፉን አዞረ። ጭ፣ ጭ፣ ጭ። እንደገና። ጭ። ገፋናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ገፋት። አልነሳም አለች። ሌላ መኪና እስኪገኝ... በእሱ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ አረፈ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አባዬ ለሰዎች ሲናገር ሰማሁ። ባትሪው ደክሟል ይቀየር ብሎኝ ነበር፣ ደመወዝ እስኪደርስ ታገሥ አልኩት፣ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ አለ። ውሃ የያዘ ትሪ ተሸክሜ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

ሸራው ለዚህ ነው። ለአርባው አይደለም። አባዬ ሊያያት አይችልም። በእኔ ሥራ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ጠዋት 1፡25

የፍሬን ዘይት እንደገና ከታች። ልሞላ ጠርሙሱን ስከፍት ኦ. ገመቹ ሽታው ደረሳቸው። ስንተኛህ ነው አሉኝ። ሁለተኛዬ አልኩ፣ በኩራት፤ እየተከታተልኩ እንደሆነ እንዲያውቁልኝ።

እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም። ሞተር ዘይት ይበላል፣ ራዲያተር ውሃ ይጠጣል፣ ፍሬን ግን ምንም አይጠጣም አሉ። ሁለቴ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ተኝተው የየጎማውን ጀርባ በእጃቸው ዳበሱ። የኋላ ግራው ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሸተቱ። እርጥብ ነው።

ትዕግስትን ጭነን፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አባዬ ፍሬን ሲረግጥ ታየኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ፊታቸው ለሰለሰ፣ ሂንሶዳቲን ኢልመኮ፣ አትፍራ ልጄ አሉኝ፣ ግቢ ቆማ እያለች ነው ያወቅነው። ከዚያ ሲነሱ ትከሻዬን ይዘው፦ «ግን ሁለተኛ ሞልተህ ዝም እንዳትል።»

ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ጠዋት 4፡00

የኦ. ገመቹ የእህት ልጅ ቡራዩ ጋራዥ ይሠራል። በጠዋት መጣ። አባዬ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። የኋላ ግራ ጎማ ተፈታ። ውስጥ ያለው ትንሽ ላስቲክ ተቀዶ ነው እንጂ ሌላ አልነበረም፣ ጥፍር የምታክል ነገር። ተቀየረ። ከዚያ ከፍሬኑ መስመር አየር ማስወጣት። እኔ ውስጥ ሆኜ ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ እሱ ከታች «ያዝ! ልቀቅ! ያዝ አልኩህ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ይላል። ኦ. ገመቹ ከጎን ቁርሱን አንተ ነህ የበላህበት ይሉታል። በመጨረሻ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። የፍሬን ዘይት፦ ከላይኛው መስመር። ምልክት አደረግኩበት።

አሁን ሁሉም ሙሉ ነው። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ማን ይነዳል? ኦ. ገመቹ አያዩም። ልጁ ወደ ቡራዩ ተመለሰ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከግቢ ወጥቼ አላውቅም። አባዬ ብቻ ነው ያለው። አባዬ ደግሞ በሸራው አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

እነግረዋለሁ። ነገ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

አልነገርኩትም። የፍሬን ዘይት፦ ምልክቱ ላይ። ንቅንቅ አላለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ማታ 12፡30

ት. ራሷን ያማታል። ሻሽ አጥብቃ አስራለች። ቀላል ነው ትላለች። እኔም የፍሬን ዘይቱን ቀላል ነው ብዬ ነበር። አባዬ እራቱን ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ምን ሆንክ አለኝ። ምንም አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ጠዋት 12፡05

ት. ዓይኔ ብዥ አለብኝ እያለች ነው። ወገቧንም ይዟታል። ሦስት ሳምንት ገና ቀርቷት። እማዬ ለአምቡላንስ ደወለች፣ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ጠብቁ አሉ። ጠብቁ! አባዬ መኪና ልፈልግ ብሎ አስፋልቱ ድረስ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። ያው ሰዓት፣ ያው ብርድ።

አሁን ግቢው መሃል ቆሟል። ሸራውን ያያል፣ አይነካም። አትነሳም ብሎ ነው። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ትነሳለች ብዬ ብነግረው ከየት አወቅህ ይለኛል። ከዚያ ሁሉም ይወጣል።

ይውጣ። ይምታኝ፣ ከዚያ ይንዳ። ሄድኩ።

12፡35

መኪና ውስጥ። ጽሑፌ ይዘላል።

ነገርኩት። ቆሜ፣ ባንድ ትንፋሽ። ሬዲዮው፣ መብራቱ፣ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ። አየኝ። እስኪመታኝ ጠበቅኩ። ከዚያ የማይመስል ነገር ጠየቀኝ፦

«የፍሬን ዘይቱን አይተኸዋል?»

ሙሉ ነው አልኩ። የኋላ ግራው ያፈስ ነበር፣ ላስቲኩ ተቀይሯል፣ አየሩም ወጥቷል። ውሃ ሙሉ፣ ዘይት ደህና፣ ባትሪ ቻርጅ ተደርጓል። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። ቋጠሮውን ሳይፈታ ሸራውን ቀደደው።

በመጀመሪያው ተነሳች። ኦ. ገመቹ የግቢውን በር በርግደው ከፍተው በዱላቸው አየሩን እየመቱ ውጡ፣ ውጡ ይላሉ።

ት. ከኋላ የእማዬ ጭን ላይ ተኝታለች። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከፊት። ሜዳው አለቀ፣ ቁልቁለቱ ጀመረ። አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ነካ። ያዘ። ሁለተኛው ላይ። ያዘ። በነካ ቁጥር እግሬ ከእግሩ ጋር ይረግጣል። አይቶኛል መሰለኝ።

ፊቱን ሳያዞር፣ ያን ደብተር ዝጋና መንገዱን አብረኸኝ እይ አለኝ። እየዘጋሁ ነው።