በአንቺ ስም የመለስኩት

ግንቦት 9 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ አባባም እህል መቅመስ ጀምሯል። እማዬን ከቀበርን ዛሬ ሦስት ሳምንታችን ነው። በስልክ "ለምን መታመሟን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" ስትዪኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ። አሁን ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

ቤቱ ጭር ብሏል። በደጉ ጊዜ እንዴት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ተኳርፈው የመጡ ባልና ሚስት፣ ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ፣ ትኩሳት የያዘው የጎረቤት ልጅ፣ የሁሉም መጨረሻ እሷ ዘንድ ነበር። አባባ ጋራዥ ውስጥ ስንቱን መካኒክ ሲያዝ ውሎ ቤት ሲገባ ግን የት እንደሚቀመጥ እንኳ ዓይኗን ያይ ነበር። "ይህቺ ሴትዮ ጦር ብትመራ ውጊያ የለም፤ ሁሉም እግሩን ሲታጠብ ይመሻል" ይል ነበር።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቀስ በቀስ ራቀችን። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃውን ትዘጋና "ዝም በሉ፣ ልጆቹ ተኝተዋል" ትለናለች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሌለ ሕፃን ታባብላለች። እኔም አብሬያት በእግር ጣቴ መራመድ ለመድኩ፤ አንዳንዴ የሕፃኑ ትንፋሽ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። በኋላ እኔንም ረሳችኝ። "ትልቋ" ትለኝ ጀመር፤ አንቺን በምትጠራበት ስም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ አንዱን ጫፍ እሷ ሌላውን እኔ ይዘን አንሶላ ስናጥፍ ድንገት ቆመች። ብርሃኑ ጨርቁን አልፎ ፊቷ ላይ ያርፍ ነበር።

"ትልቋ፣ ያኔ ከትምህርት ቤት ያስቀረሁሽ ጨክኜ እንዳይመስልሽ" አለችኝ። "ያቺ ሕፃን እጄ ላይ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ። ብቻዬን አልቻልኩም። አንድ ዓመት ብዬ ሦስት አደረግሁት።"

ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይህን ነገር ቤታችን ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም። ተቀይመሽ ከቤት ከወጣሽ ወዲህ እማዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን ሳትሰማ ስትኖር፣ ለጠየቃት ሁሉ "ሥራ በዝቶባት ነው" ነበር መልሷ።

"አውቃለሁ፣ እማዬ" አልኳት።

"ይቅር ብለሽኛል?"

የእኔ ያልሆነውን ይቅርታ ከየት አምጥቼ ልስጣት? ግን አንሶላውን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት፤ በአንቺ ስም።

መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደገፈችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፏ ሰላም ሆነ። ያልነገርኩሽም ለዚህ ነው። ደውለሽ ሌላ መልስ ብትሰጫትስ ብዬ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብትቆጪኝ እችለዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ስጠርግላት እጄን ያዘችኝ።

"ትንሿስ የታለች?" አለችኝ።

"ደክሟት ተኝታለች" አልኳት።

"ተያት፣ አትቀስቅሻት" አለች። "ብዙ ለፋችልኝ።"

ልብሶቿን ገና አልነካሁም። ብትመጪ አብረን እናነሳለን፤ ባትመጪም አልቀየምሽም። አባባ "ልጄን በእኔ ስም ሳሚልኝ" ብሏል። አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ የልብሽን ይሙላልሽ፣ እኛንም ለመተያየት ያብቃን።

እህትሽ፣
ትንሿ